በስልክ ውስጥ የታወረችው ሰፊ

ሰፊዋ ለሥልጠናው የተመዘገበችው ከታናሽ እህቷ ተደብቃ ነበር። ነገሩ እንኳ የሚደበቅ አልነበረም። ማስታወቂያው በየሱቁ በር ላይ ተለጥፏል፤ «ለአነስተኛ ንግዶች፦ ብራንድ፣ ፈጠራና ማኅበራዊ ሚዲያ። ለአራት ቀን፣ በነፃ» ይላል። ግን ሁለት ጊዜ ብታነሳው ሁለቱንም ጊዜ የታናሿ ፊት ቅጭም አለ። «አንቺ ደግሞ! የስልኩን ጣጣ ለኔ ተዪውና መርፌሽን ያዢ፣ እትዬ» አለቻት። ለሦስተኛ ጊዜ ማንሳት ነገር መፈለግ መሰላት። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት «ለዓይኔ ምርመራ ደርሼ ልምጣ» ብላ፣ ደብተር በቦርሳዋ ሸጉጣ ወጣች።

አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። በሰፈሩ ትልቁም ትንሹም «እትዬ» ይላታል። ሥራዋ፣ ልብስ ሰፊዎች ጠርገው የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቅማ፣ በየቀለሙ ለይታና ገጣጥማ ብርድ ልብስ መሥራት ነው። ከሩቅ ሲያዩት አበባ የፈሰሰበት መስክ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን አንዷ ቁራጭ የሸሚዝ ኪስ፣ አንዷ የመጋረጃ ጠርዝ፣ አንዷ የሕፃን ቀሚስ እንደነበረች ይታወቃል።

ታናሿ ሌላ ስም አላት፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷትም ግን «ሚጡ» ከመባል አልዳነችም። እናታቸው ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሰፊዋ ተረክባ እናትም አባትም ሆና አሳደገቻት፣ አስተማረቻት። ሚጡ ተመርቃ ሥራ ብትፈልግ ብትፈልግ ጠፋ፤ በመጨረሻ የብርድ ልብሱን ሽያጭ ያዘች። ስልኳ ላይ ገጽ ከፈተች። ሲቆይ «የእጆቿ ብርሃን» የሚል ስም አወጣችለት፤ ስሙንም በትንሽ ጨርቅ ላይ አስጠልፋ በየብርድ ልብሱ ጥግ ላይ ትሰፋው ጀመር። ሰፊዋ ስሙን ስታነብ ልቧ ሞቀ። «ይቺ ልጅ ባለቅኔ ወጣልኝ» እያለች ለጎረቤት አወራች።

ገበያውም እንደ ጉድ ደራ። ሁለት ሴቶች ተቀጠሩ፤ ሁለተኛ የስፌት መኪና ገባ። ሰፊዋ እንደሆነች የያዘችው ባለቁልፍ ስልክ ነው፤ ከመደወልና ከመቀበል ያለፈ አታውቅበትም።

እርግጥ ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ነበሩ። ሚጡ ደንበኛ ቤት ድረስ እንዲመጣ አትፈልግም፤ «ዘመናዊ ንግድ በር አያንኳኳም» ትላለች። አድራሻ አጠያይቀው የመጡት ጥቂቶቹ ደግሞ ሁኔታቸው ለየት ያለ ነበር። አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ፣ መስማት ለተሳነው ሰው እንደሚናገሩት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እጅዎን ልሳም?» አለቻትና አለቀሰች። ሰፊዋ ሐዘን ያለባት መስሏት አጽናናቻት። አንድ ሰው ደግሞ ቁራጭ ጨርቅ መዳፏ ላይ አድርጎላት፣ በጆሮዋ «ይኼ ሰማያዊ ነው» አላት ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ ሰማያዊ ነው» አለችው። ምን ልትል ትችላለች?

ሰውየው አፉን በእጁ ይዞ ወጣ። ኋላ ሚጡን ብትጠይቃት «የጥበብ ሰው ነዋ፤ እነሱ ሁሉም ነገር ይነካቸዋል» አለች። ነገሩ በዚሁ አለፈ።

ሥልጠናው በንግድ ቢሮው አዳራሽ ነበር። ስልሳ የሚሆን ሰው መጥቷል፤ ፀጉር ሠሪ፣ ጫማ ሰፊ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ መካኒክ። ሰፊዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከአንድ ሸምገል ካሉ ሳሙና ሠሪ አጠገብ ተቀመጠች። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ናቸው።

«እኔን ልጆቼ ናቸው ገፍተው ያመጡኝ» አሏት። «ሳሙናህ ስም የለውም ብለው ሳቁብኝ። ሟሙቶ ለሚያልቅ ነገር ስም ምን ይሠራለታል?»

አሰልጣኙ ቀጠን ያለ ወጣት ነው፤ ሲያወራ አንድ ቦታ አይቆምም። «ሰው ዕቃ አይገዛም፤ የሚገዛው ታሪክ ነው» ይላል። ሰፊዋ ጻፈች። «ፈጠራ ማለት ሮኬት ማምጠቅ አይደለም፤ ሌላው ረግጦ ያለፈውን ቆም ብሎ ማየት ነው» ይላል። ይኼንንማ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራችውን አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲነግራት ደስ አላት። ማታ ማታ እቤት ስትገባ ሚጡ «ዓይንሽን ምን አሉሽ?» ብላ ስትጠይቅ «ገና ነው፣ ነገም ተመለሺ ብለውኛል» እያለች ሁለት ቀን አለፈ።

በሦስተኛው ቀን አሰልጣኙ እጁን እያፋተገ ገባ።

«ዛሬ ንድፈ ሐሳብ በቃን። አንድ ሕያው ምሳሌ አሳያችኋለሁ። ይህችን ሴት ባየሁ ቁጥር በራሴ አፍራለሁ።»

መብራቱ ጠፋ። ግድግዳው ላይ ሁለት እጆች ወጡ፤ ጨርቅ እየዳሰሱ፣ ክር እየፈለጉ። ሰፊዋ መጀመሪያ ያወቀችው ጠረጴዛውን ነው። ጥጉ ላይ ካውያ ያቃጠለው ጥቁር ምልክት አለ። «የኔን ጠረጴዛ የሚመስል» አለች በሆዷ። ቀጥሎ በግራ አውራ ጣት ላይ ያለውን ጠባሳ አየች። ዝቅ ብላ የራሷን አውራ ጣት አየች። እንደገና ግድግዳውን አየች። ምስሉ ከእጅ ወደ ፊት ከፍ አለ፤ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰፋለች። ራሷ ናት።

ከዚያ ድምፅ ተሰማ። የሚጡ ድምፅ ነው፤ ያ እትዬ እያለ ሻይ የሚጠይቃት፣ ጠዋት ጠዋት የሚያንጎራጉረው ድምፅ።

«ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ብርሃን አላየችም። ቀለም የምታውቀው በትዝታ ነው። ዓይኖቿ ቢጠፉም ጣቶቿ ያያሉ። እያንዳንዱ ብርድ ልብስ ከጨለማ ውስጥ የወጣ ነው።»

የሰፊዋ እስክሪብቶ ከእጇ ወድቆ ከወንበሩ ሥር ተንከባለለ። ጥቁሩ መነጽር ትዝ አላት። ከሁለት ዓመት በፊት የቀኝ ዓይኗ ሞራ ተገፎላት ለሦስት ሳምንት አድርጋው ነበር። እጇን ሥራ እንዳታስፈታ ብላ እያጨናበሰች ስትሰፋ ሚጡ ስልኳን ይዛ ስትቀርጻት «ተይ፣ አስቀያሚ ሆኜ» ብላ ስቃ ነበር። ሦስት ሳምንት። ብቻ።

መብራቱ በራ። ከኋላ ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ሰማንያ አራት ሺህ ተከታይ!» አለ አሰልጣኙ። «እኔ ራሴ አንዱን ገዝቼ ለእናቴ ሰጥቻለሁ። እስቲ ንገሩኝ፤ እሷ ማየት ሳትችል ይህን ከሠራች፣ እኛ ሁለት ሁለት ዓይን ይዘን ምን ነካን?»

ሳሙና ሠሪው ወደ ሰፊዋ ዞሩ። ግድግዳውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ደብተሯን አዩ። ደብተሩ ላይ በደቃቃ ጽሕፈት ሦስት ገጽ ተሞልቷል።

«እትዬ» አሏት በሹክሹክታ፣ «ይቺ ሴትዮ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ታዲያ…»

«እኔም እንደ እርስዎ ነው ዛሬ የሰማሁት።»

ሳሙና ሠሪው ለክፋት አልነበረም፤ የተሸከሙት ነገር ከበዳቸውና እጃቸውን አወጡ። «አሰልጣኝ፣ ሴትዮዋ እኮ እዚህ ናት።»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። አሰልጣኙ ከመድረክ ዘሎ ወርዶ መጣ፤ ፊቷን አይቶ ሲያውቃት ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ማጨብጨብ ጀመረ። ስልኮች ከፍ ከፍ አሉ። እንዴት ብላ እንደተነሣች አታውቅም፤ ብቻ አሰልጣኙ ክንዷን በሁለት እጁ ይዞ በወንበሮቹ መሐል እየመራ ወደ መድረኩ ሲወስዳት ተሰማት።

«ቀስ ይበሉ እናቴ… እዚህ ጋ ደረጃ አለ። አሁን እግርዎን ያንሱ።»

ያኔ ነው ወደ ራሷ የተመለሰችው።

«ልጄ፣ ክንዴን ልቀቀኝ» አለች። «ደረጃው ሦስት ነው። የላይኛው ጠርዙ ተሰንጥቋል፤ አንተ ራስህ እንዳትወድቅ።»

ፊት የተቀመጡት ሳቁ፤ ቀልድ መሰላቸው። አሰልጣኙም ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ማይክራፎኑ ሲጥ አለ።

«አያለሁ» አለች ሰፊዋ። «ድሮም አያለሁ። ያቺ ከኋላ ቢጫ ሻርፕ ያደረገችው እህት በስልክ ትቀርጸኛለች፣ አያታለሁ። በግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ቆሟል፣ አየዋለሁ። ይህን ታሪክ ያወራሁት እኔ አይደለሁም። ከእናንተ እኩል ነው የሰማሁት።»

ጭብጨባው እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ።

«ምናልባት…» አለ አሰልጣኙ፣ «ምናልባት በከፊል ማለት…»

«በከፊልም አይደለም፣ የኔ ልጅ።»

ከወደ ኋላ አንድ ሰው «አጭበርባሪ!» አለ። ሌላው «እሷ ምን ታድርግ?» አለ። ሦስተኛው ብርድ ልብሱን ስንት እንደገዛው ጮኾ መናገር ጀመረ። ሳሙና ሠሪው ቦርሳዋንም ደብተሯንም ይዘው እየገፉ ወደ እሷ መጡና በጎን በር አወጧት። መንገድ ላይ ሲሄዱ ደጋግመው «አፌን በቆረጠው» አሉ። እሷ ግን አልሰማቻቸውም። ቀኝ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትገልጣለች፤ ግራውን ትጨፍናለች፣ ትገልጣለች። ለማረጋገጥ ያህል።

ከእሷ በፊት ወሬው እቤት ገብቶ ነበር። ባለ ቢጫ ሻርፗ ሴት ያነሣችው ምስል እሷ ከአውቶብስ ሳትወርድ ሚጡ ስልክ ላይ ደርሷል። ሁለቱ ሠራተኞች መሬት መሬት እያዩ ወጡ። ሚጡ የስፌት መኪናው አጠገብ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ሰፊዋ ተቀመጠች። መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣ አለ፣ ባዶ ሆኖባታል።

«ከታወርኩ ስንት ጊዜዬ ነው?» አለች።

«እትዬ…»

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

«ሁለት ዓመት» አለች ሚጡ። «እኔ አልጀመርኩትም። እውነቴን ነው። በመነጽር ሆነሽ ስትሰፊ ያነሣሁትን ለጠፍኩት። አንድ ሰው ከሥሩ ‹ማየት አይችሉም እንዴ?› ብሎ ጠየቀ። እኔ ምንም አላልኩም። ልብ ብቻ ላክሁለት፣ ያቺን የምትላከውን ቀይ ልብ። ሌላው ‹አይችሉም ማለት ነው› አለ። ጠዋት ስነሣ ሁለት ሺህ ሰው ተቀባብሎታል። ለስድስት ወር አንድ የሚገዛን አጥተን የተከመሩት ብርድ ልብሶች በሦስት ቀን አለቁ።»

«ለምን አላረምሽም?»

«አንድ ቀን ዝም አልኩ። በማግስቱ ማረም ከበደኝ። በሳምንቱማ ዝምታዬ ራሱ መልስ ሆኖ ነበር። ከዚያ ሲጠይቁኝ… ጨመርኩበት። ስሙንም ያኔ ነው ያወጣሁት።» ማልቀስ ጀመረች። «ለኔ ያልሆንሽልኝ የለም። ምንም አልከፈልኩሽም። አንድ ነገር ላድርግላት ብዬ ነው።»

«ዓይኔን አጥፍተሽ?»

ሚጡ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«በይ አምጪው» አለች ሰፊዋ። «ያንን ስልክ አምጪና በኔ ስም የተጻፈልኝን፣ እኔም ጻፍኩ የተባለውን አንድ በአንድ አንብቢልኝ።»

«እትዬ፣ ብዙ ነው።»

«የትም አልሄድ።»

እህትማማቾቹ ከቀትር ጀምሮ ተቀምጠው አነበቡ። ምስጋና ነበር፣ ጸሎት ነበር፣ የጋብቻ ጥያቄም አንድ ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱበት ነበር። ሚጡ አንድ ቦታ ስትደርስ ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ። ልትዘለው ስትል ሰፊዋ እጇን ያዘች።

የድምፅ መልእክት ነው። የአንዲት እናት ድምፅ። «እህቴ፣ አንቺን ሳላውቅሽ እወድሻለሁ። የሃያ ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አታይም። ከአልጋ አልነሣም ብላ ዓመት ሞላት። ያንቺን ታሪክ አሰማኋት። ትናንት መርፌ አምጪልኝ አለችኝ። እባክሽ አንድ ቃል በያት።»

ከሥሩ መልስ አለ። ሚጡ አላነብም ብላ አንገቷን ደፋች። ሰፊዋ ስልኩን ተቀብላ ዓይኗ ላይ አስጠግታ ራሷ አነበበችው። «በርቺ ልጄ። ጨለማው ይለመዳል። እኔም እንዳንቺ ነበርኩ።»

በአዳራሹ ውስጥ ያልወረደው እንባ አሁን ወረደ። ሰማንያ አራት ሺህ ሰው አንድ ነገር ነው፤ ገዝቷል፣ ሞቆታል፣ ይናደድና ይረሳዋል። ይቺኛዋ ግን ተደግፋባታለች። ባልነበረ ምርኩዝ ተደግፋ ተነሥታለች።

በሚቀጥሉት ቀናት ሰው ብርድ ልብሱን ይመልስ ጀመር። በር አያንኳኩም፤ እደጃፉ ላይ ጥለው ይሄዳሉ። በሩ ላይ አንድ ሰው በቀይ ቀለም «ዓይናማዋ ሌባ» ብሎ ጻፈ። ሰፊዋ የተመለሱትን አንድ በአንድ ዘርግታ አየቻቸው። ሕፃን የሸናበት አለ፤ ድመት የቧጨረው አለ፤ አንዱ መሐሉ ሳስቶ በሌላ እጅ፣ በማይመስል ክር ተጥፏል። ሰዎቹ ኖረውባቸዋል። አንድ ሽማግሌ ብቻ አንኳኩቶ ገባ፤ ብርድ ልብሱን በብብቱ ይዟል።

«ባለቤቴ ታማ በዚህ ነው የተሸፈነችው፤ በዚሁ ላይ ነው ያረፈችው» አላት። «ልመልሰው ነበር አመጣጤ። አሁን ሳይሽ ደግሞ እጄ አልለቅ አለኝ። እስቲ ንገሪኝ፤ ሙቀቱም ውሸት ነበር?»

«ሙቀቱ እንኳ ጥጥ ነው፣ አባቴ» አለችው። «ጥጡ አልዋሸም።»

ሰውየው ብርድ ልብሱን እንደያዘ ሄደ።

ሰፊዋ ሚጡን ሳምንት ሙሉ አላነጋገረቻትም። ቂም አይደለም፤ ድንጋጤው አፏን ዘግቶባት ነው። በስምንተኛው ቀን ሚጡ ራሷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆመች፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ቀጥታ እየተላለፈ አሥራ ሁለት ደቂቃ ተናገረች። ያቺን ቀይ ልብ ከላከችበት ቀን ጀምራ፣ የጨመረችውን ሁሉ፣ በእህቷ ስም የጻፈችውን ሁሉ። «እህቴ አታውቅም ነበር» አለች። «ያየችው እንደ ሌላው ሰው ግድግዳ ላይ ነው።» ሰፊዋ ከስልኩ ኋላ ቆማ ሰማቻት። ሰው ስድቡን እንደ በረዶ አወረደው። እስከ ምሽት ሰማንያ አራቱ ሺህ ተከታይ ወደ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ወረደ። በማግስቱ «የእጆቿ ብርሃን» የሚለውን ምልክት ካልተሸጡት ላይ ሁሉ በምላጭ ፈቱት።

ያቺ እናት ግን አልጻፈችም። አልተሳደበችም፣ ከገጹም አልወጣችም።

ሰፊዋ አድራሻዋን ከድሮ ትዕዛዝ ላይ አግኝታ በአውቶብስ ሁለት ሰዓት ሄደች። ሚጡ ልከተልሽ ብትላት «መጀመሪያ እኔ» አለች። እናትየዋ በሩን ከፍታ ስታያት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሰምታለች» አለች ዝግ ብላ። «ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።»

ልጅቷ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። እግር ሲገባ ስትሰማ እጇን አላቆመችም።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«‹ጨለማው ይለመዳል› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም ማለት ነው?»

«አይደለሁም። ያለችው እህቴ ናት።»

«እንኳን አልሆኑ። ምክንያቱም ስህተት ነበር። እኔ እኮ ብርሃን አላውቅም፤ ጨለማ የሚሉት የሚያዩት ናቸው። ‹እንዴት እንዲህ ትላለች፣ እሷ ራሷ እያለችበት› ብዬ ሦስት ቀን ተናድጃለሁ።» መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «ግን መስፋቱን ቀጠልኩ። እሳቸው ከቻሉ እኔ ምን አባቴ ያቅተኛል አልኩ። አሁን እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሳያዩ ሰፍተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም። ብሞክረው ጣቴን ነው የምሰፋው።»

ልጅቷ የሰፋችውን መስመር በጣቷ ዳሰሰች። እናትየዋ በር ላይ ሆና እጇን ታፍተለትላለች። ከዚያ ልጅቷ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አይደለም፣ የብስጭትም ብቻ አይደለም።

«እንግዲያው እስካሁን የመጣሁት ያለ መሪ ነው!» አለች። «እማዬ ሰማሽ? ማንም አልመራኝም ነበር እኮ!»

ሰፊዋ ቀረብ ብላ ጭኗ ላይ ያለውን ሥራ አየች። አየችና ለሁለተኛ ጊዜ በዚያ ወር ደርቃ ቀረች። ስፌቱ እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ የቀለሙ አሰላለፍ ከጥቁር ሰማያዊ ተነሥቶ እየነጣ እየነጣ ወደ ወተት ይሄዳል። በየቁራጩ ጥግ ላይ አንዲት አጭር ክር ተንጠልጥላለች፤ ክሯ ቋጠሮ አላት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቀለሙ ነዋ። እማዬ ጨርቁን ስትለይልኝ ትነግረኛለች፣ እኔ እቋጥርበታለሁ። አንድ ቋጠሮ ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ ሦስት ቢጫ። ድምቀቱ ደግሞ በክሩ ርዝመት፤ እየነጣ ሲሄድ ክሩ ያጥራል። ሠርቼ ስጨርስ እቆርጠዋለሁ።» ከጎኗ አንድ የእንጨት ማስመሪያ አነሣች፤ ዳሩን ሙሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሞርዷል። «መርፌው በየጥርሱ ይገባል፤ ስለዚህ አይዛነፍም። እናትዎ አስተምረውዎት ይሆናል እርስዎማ፤ እኔ የሚያስተምረኝ ስላልነበረ ነው የፈለሰፍኩት።»

ሰፊዋ ማስመሪያውን ተቀብላ ዓይኗን ጨፍና ሞከረችው። በሦስተኛው ጥርስ ላይ ጣቷን ወጋች። «ውይ ጣቴን!» አለች ጮኻ። ልጅቷ በዚያኛው ሳቅ ሳይሆን በሌላ ሳቅ ፍርፍር አለች፤ እናትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይቅር ብያለሁ የሚል ቃል ግን ከልጅቷ አፍ አልወጣም። ሰፊዋም አልለመነችም። ስትወጣ የጠየቀችው «ቁርጥራጭ ጨርቅ ልላክልሽ?» ብላ ብቻ ነው፤ ልጅቷ «ካመጡ ሐር አይሁን፣ ያዳልጠኛል» አለች።

እንደዚያ ተጀመረ። በወሩ ልጅቷ የመጀመሪያውን ሙሉ ብርድ ልብስ ጨርሳ በገጹ ላይ ይሸጥልኝ አለች። ሚጡ ለማየት አብራ ሄዳ ነበር፤ ስታየው ዓይኗ በራ፤ ድሮ ያበራት ነገር ተመልሶ መጣ።

«እትዬ» አለች ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ይኼኛው ታሪክ እኮ እውነት ነው። ብንነግራቸው ውሸት አይሆንም…»

ሰፊዋ ገና አፏን ሳትከፍት ልጅቷ ሰምታለች።

«አይነገርም» አለች። «ፎቶዬ አይወጣም፣ ዓይኔም አይወራም። ካማረ ያምራል። ካላማረ ዓይኔ አያሳምረውም።»

ሚጡ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ገጹ ላይ የብርድ ልብሱን ፎቶ አወጣች፤ ከሥሩ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ውስጡ ጥጥ መሆኑን፣ ጠርዙ በድርብ መሰፋቱን ጻፈች፤ ሌላ ምንም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሚጡ በየሰዓቱ እያየች ጥፍሯን በላች። አንዱ «ደግሞ ይኼኛዋ ምኗ ጠፍቶ ይሆን?» ብሎ ቀለደ። በአራተኛው ቀን አንዲት ሴት ገዛችው። ሲደርሳት ዘርግታ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ከናንተ ሦስት ገዝቻለሁ። ስፌቱ ከበፊቶቹ ይበልጣል። ማን ነው የሰፋው?»

ሰፊዋ አነበበችው። «ከበፊቶቹ ይበልጣል» የሚለው ትንሽ ቆንጠጥ አደረጋት፤ ሃያ ዓመት የሠራ እጅ ነዋ። ወዲያው ባለቁልፍ ስልኳን አንሥታ ደወለች።

«ማን ነው የሰፋው ብለው ጠይቀዋል። ምን እንበል?»

ከወዲያ በኩል የመቀስ ድምፅ ይሰማል።

«ሰፊ ናት በሏቸው» አለች ልጅቷ። «ደግሞ ሁለተኛውን ልጨርስ ነው፤ ቢጫው ጨርቅ አልቆብኛል፣ ቶሎ ላኩልኝ።»